ከተማ ሲሰፋ ወጪውን ማን ይችለዋል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ስለ ከተማ አገልግሎትና ስለሚሠራበት ገንዘብ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ተመሳሳዮቹን አጣምረን ስድስቱን እዚህ አቅርበናል። ስማችን ይቆይ ያላችሁ ስለበዛችሁ ሁሉንም በከተማ ስም ብቻ ጠቅሰናል። ለምሳሌ ያስቀመጥናቸው የብር መጠኖች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ስለሆኑ የየከተማችሁን ዋጋ ተክታችሁ አስሉት።

ከደብረ ብርሃን፦ «ከተማችን በየአቅጣጫው እየሰፋች ነው። መሬት በሊዝ ሲወጣ በካሬ ይህን ያህል ሺህ ብር ተሰጠ ሲባል እንሰማለን። የሰፈራችን መንገድ ግን ተቦርቡሮ፣ የመንገድ መብራቱም ጠፍቶ የሚጠግነው የለም። ያ ሁሉ ገንዘብ የት ይገባል?»

በጨረታ የሚሰማው ዋጋና በዚያው ዓመት ወደ ከተማው ካዝና የሚገባው ብር በጣም ይራራቃሉ። በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 ከመቶ ማነስ የለበትም፤ ቀሪው በዓመታት ተከፋፍሎ ከነወለዱ ይከፈላል። 200 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 5,000 ብር ተሸጠ እንበል። ወሬው አንድ ሚሊዮን ብር ነው። አሸናፊው ዝቅተኛውን ቅድመ ክፍያ ከፍሎ ከሆነ ግን ዘንድሮ የገባው 100,000 ብር ብቻ ነው። የቀረው 900,000 ብር በ30 ዓመት ቢከፋፈል፣ ወለዱን ሳንቆጥር፣ በዓመት 30,000 ብር ይሆናል።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። ያ ቦታ ትናንት የእርሻ መሬት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ምትክ መሬት ሳያገኝ ከመሬቱ ለዘለቄታው የሚነሣ አርሶ አደር፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት የሚሰጠው ካሳ ለብቻው ነው። ከአንድ ሄክታር በዓመት 150,000 ብር የሚያገኝ ከሆነ 2,250,000 ብር ይደርሰዋል። ከዚያው ሄክታር ለመንገድ፣ ለአረንጓዴና ለሕዝብ አገልግሎት 40 ከመቶው ቢቀነስ ለግንባታ የሚተርፈው 6,000 ካሬ ነው፤ በ200 ካሬ ሲሸነሸን 30 ቦታ ይወጣዋል። 30 ቦታ በ100,000 ብር ቅድመ ክፍያ 3,000,000 ብር ያስገባል። ካሳው ሲከፈል በእጅ የሚቀረው 750,000 ብር ነው። በዚህ ብር ቅየሳውን፣ መንገድ ከፈታውን፣ ቦዩን፣ የውኃና የመብራት መስመሩን መጨረስ አይቻልም። ከቦታዎቹ የተወሰኑት ያለ ጨረታ፣ በምደባና በመነሻ ዋጋ ከተሰጡ ደግሞ ጉድለቱ ይሰፋል።

እንግዲህ የማስፋፊያ ሰፈር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚያስገባው በላይ ያስወጣል። ብዙ ከተሞች ይህን ጉድለት የሚሸፍኑት ሌላ ሄክታር በማውጣት ነው። ያኛውም የራሱን ጉድለት ይዞ ይመጣል፤ በመካከሉ ቀድሞ የተሠራው መንገድ ጠጋኝ ያጣል። የእኛ አቋም ግልጽ ነው፦ የሊዝ ቅድመ ክፍያ አንዴ የሚገኝ ገንዘብ ስለሆነ መዋል ያለበት አንዴ ለሚሠራ ነገር ነው። አምፖል መቀየር፣ ቦይ መጥረግና ጉድጓድ መድፈን በየዓመቱ የሚመላለስ ወጪ ስለሆነ በየዓመቱ የሚመላለስ ገቢ ሊመደብለት ይገባል፤ የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ የገበያ ሼድ ኪራይ፣ የመናኸሪያና የቄራ ክፍያ ለዚህ ናቸው። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድም በዋናነት ከነዳጅ ላይ ከሚሰበስበው 10 ከመቶውን ለከተሞች እንዲያከፋፍል ተደርጎ ነው የተዋቀረው፤ ገንዘቡ የሚሰጠውም ለጥገና እንጂ ለአዲስ መንገድ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የአንድ ከተማ በጀት ሁለት ኪስ አለው። መምህራን፣ ጤና ጣቢያና የመሳሰሉት መደበኛ የመንግሥት ተግባራት የሚሸፈኑት በአብዛኛው ከክልሉ በሚመጣ ጥቅል ድጎማ ነው። መንገድ፣ ቦይ፣ ጽዳት፣ የመንገድ መብራት፣ ቄራና እሳት አደጋ የማዘጋጃ ቤት ተግባራት ናቸው፤ የሚሠሩትም ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ነው። ስለዚህ «በጀት ጨመረ» ሲባል የትኛው ኪስ እንደጨመረ ይጠይቁ። ሕዝብ ሲበዛ ድጎማው ለትምህርት ቤት ሊጨምር ይችላል፤ የቦይ ጠራጊው ደመወዝ ግን ከዚያ አይወጣም። በዓለም ባንክ ድጋፍ በመጀመሪያ በጥቂት፣ ቀጥሎ በ44፣ በኋላም በ117 ከተሞች የተካሄደው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ብዙ ጌጠኛ ድንጋይና ቦይ አሠርቷል። ሥራው ከተረከበ በኋላ ያለው ጥገና ግን የከተማው ዕዳ ነው፤ በማዘጋጃ ቤቱ በጀት ላይ የራሱ መስመር ካልተከፈተለት ቦዩ በደለል ይሞላል።

መንገዱ ለምን ቶሎ እንደሚፈርስ ደግሞ ከበጀት ዓመቱ አቆጣጠር ጋር ይያያዛል። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ክረምቱ ገብቷል። ዝርዝሩ ወርዶ፣ የግዥ ዕቅዱ ጸድቆ፣ ጨረታ ወጥቶና ውል ተፈርሞ ሥራ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ከኅዳር በኋላ ነው። የቦይ ጠረጋ ከሌላው ሥራ ኋላ ተሰልፎ ሰኔ ላይ፣ «በጀት ሳይመለስ» በሚል ጥድፊያ ይሠራል። ያኔ ዝናቡ ጀምሯል። የተዘጋው ቦይ ውኃውን ወደ መንገዱ ይገፋዋል፣ ውኃው በስንጥቅ ገብቶ ከአስፋልቱ ሥር ያለውን ገረጋንቲ ያላላዋል፣ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይሰምጣል። በሚያዝያ ቢጠረግ በቀን ሠራተኛና በአካፋ የሚያልቀው ሥራ በመስከረም መንገዱን ቆርጦ እንደገና መሙላትን ይጠይቃል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ የቦይ ጠረጋ ውል በጥር ተፈርሞ ሥራው ከሚያዝያ እስከ ግንቦት 20 እንዲያልቅ በዕቅዱ ላይ ቀኑን መጻፍ ነው። ለቀበሌያችሁ ስብሰባ ይህን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ለውጥ ታመጣላችሁ።

ከአዲስ አበባ፣ የካ፦ «የጣሪያና ግድግዳ ግብሬ ካለፈው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጨመረብኝ። ትክክል መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?»

በመጀመሪያ ለምን እንደጨመረ እንበል። ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ሕግ የ1968ቱ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ነበር። ግብሩ የሚሰላው ቤቱ በዓመት ሊያወጣ ይችላል ተብሎ በተገመተ ኪራይ ላይ ነው፤ ግምቱ ግን ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ። አዲስ አበባ በ2015 ግምቱን ስትከልስ የብዙ ዓመት ልዩነት በአንዴ መጣ። በጥር 2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጁን አጽድቋል። ከተማዋ ይህን ገቢ የምትፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እንደ ክልሎች የፌዴራል ጥቅል ድጎማ አይደርሳትም፣ በጀቷም በ2016 ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ የነበረው በ2017 ወደ 230 ቢሊዮን ብር አድጓል።

ምጣኔው ምንም ያህል ይሁን፣ ስህተት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ መረጃ ላይ ነው። ስለዚህ የብሩን ጠቅላላ ድምር ከመከራከርዎ በፊት የስሌቱን ዝርዝር ይጠይቁና እነዚህን ያመሳክሩ፦ የቦታው ስፋት፣ የቤቱ የወለል ስፋት፣ የቦታው ደረጃ፣ የግንባታው ዓይነት (ጭቃ፣ ብሎኬት፣ ፎቅ)፣ አገልግሎቱ (መኖሪያ ወይስ ንግድ) እና የባለይዞታው ስም። ከሁሉም የቦታውንና የቤቱን ስፋት ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። ካርታዎ ላይ የቦታው ስፋት 175 ካሬ፣ ቤቱ 90 ካሬ ሆኖ ሳለ መዝጋቢው 175ን በቤቱ ዓምድ ላይ ካሰፈረው የቤቱ ግብር ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሁለተኛው ስህተት ግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ ሱቅ ስላለች መላው ቤት «ንግድ» ተብሎ መመዝገቡ ነው። ሦስተኛው፣ ወራሾች ስም ሳያዞሩ ሲቀሩ አንዱ ቤት በአባትም በልጅም ስም ተመዝግቦ ሁለቴ መጠየቁ ነው።

ቤቱን ራስዎ በሜትር ይለኩት። ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ ርዝመቱን በወርዱ ያባዙ፤ ፎቅ ከሆነ እያንዳንዱን ወለል ይደምሩ። ልዩነት ካገኙ የካርታ ቅጂ፣ ያለፈውን ዓመት ደረሰኝና የልኬቱን ንድፍ አያይዘው ለወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። በቃል የተነገረ ቅሬታ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱና አንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገው ያስቀሩ። በማሳወቂያው ላይ የተጻፈው የቅሬታ ቀነ ገደብ ካለፈ ልክ ቢሆኑም ላይሰሙ ስለሚችሉ ደብዳቤው እንደደረሰዎ ቀኑን ይዩ።

አንድ ነገር መጨመር አለብን። በጡረታ የሚኖሩ፣ ቤታቸው ግን መሐል ከተማ ሰፊ ቦታ ላይ ያረፈ አዛውንቶች አሉ። ንብረታቸው ውድ ነው፣ በእጃቸው ብር የለም። ለእነርሱ በክፍያ ማራዘም ወይም ቤቱ ሲተላለፍ በሚታሰብ መልክ ማቃለያ ሳይዘጋጅ ግብሩን ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው ብለን አናምንም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «እዚህ የቤት ግብር በየዓመቱ እከፍላለሁ፣ ማንም አይደነግጥም። አዲስ አበባ ባለው የቤተሰብ ቤት ላይ ግን ለምን እንዲህ ድንጋጤ ሆነ? እዚህ ሆኜስ እንዴት ልከታተለው?»

እርስዎ ባሉበት ሜሪላንድ ንብረት በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይገመታል፤ ግምቱ ከጨመረም ጭማሪው በሦስቱ ዓመታት ተከፋፍሎ ነው የሚገባው። ባለቤቱ በዋናነት ለሚኖርበት ቤት ደግሞ ታክስ የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከ10 ከመቶ በላይ እንዳይጨምር የሚገድብ ማቃለያ አለ፤ አውራጃዎች ከዚያም ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። ድንጋጤውን የሚያስቀረው ይህ ነው። አገር ቤት የጎደለው የግምት መከለሻ የጊዜ ሰሌዳና ጭማሪውን ማከፋፈያ ሥርዓት ነው። ከተሞቻችን ሊኮርጁት የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ በትንሹ ማስተካከል ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ በአንዴ ከመቆለል ይሻላል።

ለመከታተል ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው በኤምባሲው ወይም በቆንስላው ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታይቶ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው ውክልናው «ለማከራየት፣ ለመሸጥ» ብሎ ስለ ግብር ዝም ማለቱ ነው። «ግብር ለመክፈል፣ የግብር ስሌት ሰነድ ለመውሰድ፣ ቅሬታና ይግባኝ ለማቅረብ» የሚሉት ቃላት ተለይተው ይጻፉ።

ከጎንደር፦ «ውኃ ሳይመጣ ቀናት ያልፋሉ። ታሪፍ ግን ይጨመር ይባላል። ለማይመጣ ውኃ ለምን እንጨምራለን?»

ቁጣዎ ተገቢ ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድመዋል፦ ከሚመረተው ውኃ ስንቱ ሒሳብ ይከፈልበታል?

አንድ የውኃ አገልግሎት በቀን 10,000 ሜትር ኪዩብ ያመርታል እንበል። ለፓምፕ መብራት፣ ለክሎሪን፣ ለደመወዝ፣ ለቧንቧና ለቆጣሪ በሜትር ኪዩብ 20 ብር ያወጣል፤ በቀን 200,000 ብር መሆኑ ነው። ሁሉም ቢሸጥ ወጪውን ለመመለስ 20 ብር ይበቃል። 3,500ው በመንገድ ከጠፋና 6,500 ብቻ ከተሸጠ ግን ያንኑ ወጪ ለመሸፈን ታሪፉ ወደ 31 ብር መድረስ አለበት። ብክነቱን አውርዶ 8,000 መሸጥ ቢቻል 25 ብር ይበቃል። ከ31 እስከ 25 ያለውን 6 ብር ደንበኛው የሚከፍለው ለጠፋ ውኃ ነው።

ስለዚህ ታሪፍ ይጨመር ለሚል ቦርድ የሚቀርበው ጥያቄ «ብክነቱ ስንት ነው? ለመቀነስስ ምን አደረጋችሁ?» የሚል ነው። ሥራው ቅደም ተከተል አለው። በየጉድጓዱና በየማጠራቀሚያው መውጫ ትልቅ ቆጣሪ ይተከላል፤ ይህ ሳይኖር ስለ ብክነት የሚነገር ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ከዚያ ከተማው በዞን ይከፈላል፣ በየዞኑ መግቢያ ቆጣሪ ይቀመጣል፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ውኃ በመስመሩ ላይ እያለ ይነበባል። በዚያ ሰዓት ሰው ተኝቷል፤ ቆጣሪው በኃይል እየሮጠ ከሆነ ውኃው የሚሄደው ወደ መሬት ወይም ወደ ሕገ ወጥ መስመር ነው። (ውኃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ከተማ ጋኖች በሌሊት ስለሚሞሉ ንባቡ ሊያሳስት ይችላል፤ ፈረቃው ከሁለት ቀን በላይ ሲሆን በሁለተኛው ሌሊት መለካት ይሻላል።) ቀጥሎ የትልልቅ ደንበኞች ቆጣሪ ይቀየራል። ያረጀ ቆጣሪ አሳንሶ ይቆጥራል፤ ሆቴል ላይ የተተከለ አንድ ያረጀ ቆጣሪ የሚያሳጣው ገቢ ከብዙ መኖሪያ ቤቶች ይበልጣል። ብዙ ቦታ ግን ሥራው የሚጀመረው ከመኖሪያ ቤት ነው፣ ስለሚቀል።

ያም ሆኖ ታሪፍ ለዘላለም አይነካ ማለትም አይቻልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ሲወሰን የዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ፓምፕና መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ነው። ፓምፑ ተቃጥሎ መግዣ የጠፋበት ከተማ ርካሽ ታሪፍ ይዞ በጥም ይቀመጣል። ያኔ የሚከፍለው ድሃው ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ5 ብር የሚገዛ ሰው፣ በአንድ ሜትር ኪዩብ 50 ጀሪካን ስላለ፣ ለሜትር ኪዩቡ 250 ብር እየከፈለ ነው። ታሪፍ ሲሻሻል ጥቂት ውኃ የሚጠቀም ቤት የሚከፍልበት የመጀመሪያው እርከን ዝቅ ብሎ እንዲቆይና የቦኖ ዋጋ እንዳይነካ መከራከር፣ ጭማሪው ጨርሶ ይቅር ብሎ ከመከራከር የበለጠ ሰው ይጠቅማል።

ከባሕር ዳር፦ «ሰፈራችን ብር አዋጥቶ ጌጠኛ ድንጋይ ሊያነጥፍ ነው። ምን እንጠንቀቅ?»

ብሩ በግለሰብ ስም አይቀመጥ። ከከተማው ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ የእናንተ ድርሻ፣ የከተማው ድርሻ፣ የመንገዱ ርዝመትና ወርድ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ። መዋጮው በኮሚቴው የጋራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ደረሰኝ ይሰጥ።

በሥራው ላይ ዋናው ነገር ከድንጋዩ በታች ያለው ነው። ድንጋይ ከመነጠፉ በፊት የውኃ ቧንቧ፣ የፍሳሽና የኬብል ማቋረጫ ትቦ ይቀበር፤ አለበለዚያ በዓመቱ መንገዱ ይቆፈራል፣ የተቆፈረው ደግሞ እንደ ነበረ አይመለስም። ለም አፈሩ ተጠርጎ ይውጣ። በባሕር ዳር ጥቁር መረሬ ላይ ይህን መዝለል መንገዱን ገና ሳይሠራ ማፍረስ ነው፤ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ ውኃ እየተረጨ በሮለር ይጠቅጠቅ፣ በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይደልደል። 8 ሜትር ለሚሰፋ መንገድ መሐሉ ከሁለቱ ዳር 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ውኃው ወደ ቦይ የሚወርደው በዚህ ተዳፋት ነው። ዳርና ዳሩ በሲሚንቶ የተያዘ ጠርዝ ከሌለው ድንጋዩ ከጠርዝ ጀምሮ ይላቀቃል። የመጨረሻው ክፍያ ከሥራው ማግሥት እንዳይለቀቅ፣ ቢያንስ አንድ ክረምት እስኪያልፍ የተወሰነው መያዣ ሆኖ ይቆይ።

ከሐዋሳ፦ «ከተማው የሰበሰበውን ምን ላይ እንዳዋለ ማወቅ እንፈልጋለን። ሰነድ ስንጠይቅ ‹ከበላይ ፈቃድ አምጡ› እንባላለን።»

ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ምላሹም በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። የምትጠይቁበትን ምክንያት ማብራራትም አይጠበቅባችሁም።

የአጠያየቁ ነገር ግን ወሳኝ ነው። «የከተማውን የገንዘብ አጠቃቀም» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልስ አታገኙም። ሰነዱን በስሙና በዓመቱ ጥሩት፦ የ2017 የማዘጋጃ ቤት ገቢ ዕቅድና ክንውን በገቢ ዓይነት፤ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፤ የንብረት አያያዝ ዕቅድ፤ የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት። ደብዳቤው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ተጽፎ ግልባጩ ለከተማው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ይሁን። ሰነዱ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የጥገናውን መስመር ፈልጉ፤ ከአዲስ ግንባታው ጋር አስተያዩት፣ ከዚያ ክንውኑን እዩ። ጥገና ታቅዶ ግማሹ ሳይሠራ ወደ ሌላ ርዕስ የተዛወረ ከሆነ፣ የዝውውሩን ውሳኔ ቀንና ቁጥር በሚቀጥለው ደብዳቤ ጠይቁ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚዘጋጀው በአጋማሽ ዓመቱ ስለሆነ ጥያቄያችሁ ከጥር በፊት ቢደርስ፣ ባገኛችሁት መልስ ላይ ተመሥርታችሁ በቀበሌ የፍላጎት ልየታ ስብሰባ ላይ ለመናገር ጊዜ ይኖራችኋል።